የዱቤ ደብተርና ዘጠኙ ጥያቄዎች

ነሐሴ 2017፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ከምድር ቤቶቹ ሱቆች የአንዱ ደጃፍ። ዝናቡ በድንገት ወረደና ሦስት ሰው በአንድ ሸራ ሥር ሰበሰበ። ባለሱቁ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። እስከ 2016 ድረስ ሱቃቸው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሣ ደንበኛው በየአቅጣጫው ተበተነ፣ እሳቸውም ወደዚህ የመጡትን ተከትለው መጡ። ሁለተኛዋ ታብሌቷን በፌስታል ጠቅልላ ከብሎክ ብሎክ የምትዞር ወጣት ናት፤ ለከተማ ቤተሰቦች የምግብ ዋስትና ጥናት መረጃ ትሰበስባለች። እናቷ የባለሱቁ የድሮ ደንበኛ ስለነበሩ ይተዋወቃሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ መጥቼ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም።

ባለሱቁ፦ ጠጋ በይ እንጂ ልጄ፣ ዕቃሽ ይረጥባል። ስንት ቤት አንኳኳሽ ዛሬ?

ጠያቂዋ፦ ዐሥራ አንድ፣ ጋሼ። አራቱ ሰው የለባቸውም፣ አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። የቀሩት መለሱልኝ። መልስ ከተባለ።

ባለሱቁ፦ ከተባለ ማለት?

ጠያቂዋ፦ “ምን ጎደለብን፣ ተመስገን” ነው የሚሉኝ። ዘጠኙንም ጥያቄ “የለም፣ የለም” እያሉ ሸኙኝ። ደረጃውን ስወርድ ግን አንደኛዋ ልጇን ስትልክ ሰማኋት፤ “በዱቤ ነው በለው” አለችው።

ባለሱቁ፦ (እየሳቁ) መጥቶ ነበር። ሩብ ስኳርና ሁለት ሲኒ ዘይት። እስቲ አንብቢልኝ እነዚህን ጥያቄዎች።

ጠያቂዋ፦ ሁሉም “ባለፉት አራት ሳምንታት” ብለው ይጀምራሉ። ለቤተሰቡ በቂ ምግብ አይኖርም ብለው ሰግተው ነበር? የሚፈልጉትን ዓይነት ምግብ በማጣት ምክንያት ሳይበሉ ቀርተዋል? ከዚያ እየከበደ ይሄዳል፤ ያንኑ አንድ ዓይነት ብቻ መብላት፣ የማይፈልጉትን መብላት፣ መጠን መቀነስ፣ የምግብ ሰዓት መዝለል፣ ቤት ውስጥ ጭራሽ የሚቀመስ ማጣት፣ ተርቦ መተኛት። ዘጠነኛው ቀኑንም ሌሊቱንም ምንም ሳይበሉ የዋሉበትና ያደሩበት ጊዜ አለ ወይ ነው።

ባለሱቁ፦ ማን ነው ያወጣው?

ጠያቂዋ፦ አሜሪካኖች። መመሪያው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ በብዙ አገር ይሠራበታል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ከሦስት እስከ ዐሥር ጊዜ ከሆነ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ሦስት። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይመጣል። 27 ያገኘ ቤት…

ባለሱቁ፦ አልቆለታል።

ጠያቂዋ፦ እንደሱ አንልም እንጂ፣ አዎ።

ባለሱቁ፦ ጥያቄው መጥፎ አይደለም። መወጣጫ አለው፤ ከስጋት ጀምሮ ባዶ ሆድ ላይ ይደርሳል፤ ነገሩም እንደዚያው ነው የሚሄደው። ግን እኔ ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ፣ በእንግዳ ፊት “ራበን” ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። ጓዳ ገመና ነው። ደግሞ ወሩን ተመልከቺ፣ ፍልሰታ ነው። “የምግብ ሰዓት ዘለላችሁ ወይ” ስትያቸው ምን ይበሉሽ?

ጠያቂዋ፦ ጥያቄው “በማጣት ምክንያት” ብሎ ይለያል እኮ።

ባለሱቁ፦ እሱን ማን ይለየዋል? እኔ ጾም ሲገባ ትንሽ ተንፈስ የሚሉ ቤቶች አውቃለሁ። ልጁ እንቁላል አይልም፣ እንግዳም ወተት የሌለው ሻይ ለምን አቀረባችሁልኝ አይል። ሁሉም ሽሮ ነው የሚበላው፣ ያለውም የሌለውም። ሲፈታ ነው የሚያስጨንቃቸው። በበዓል ሰሞን ከዱቤ ደብተሬ ውስጥ ድምፃቸው የሚጠፋ ሰዎች አሉ፤ ሌላ ቦታ ገዝተው አይምሰልሽ፣ በዚያ ሰሞን ሱቄ መታየት ስለሚከብዳቸው ነው።

ጠያቂዋ፦ ሌላ ቅጽም አለኝ፣ የምግብ ስብጥር። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ቤት ውስጥ የተበላውን እጠይቅና ከዐሥራ ሁለት የምግብ ምድቦች ስንቱ እንደተነካ እቆጥራለሁ።

ባለሱቁ፦ ትናንት እኛ ቤት ሽሮ በእንጀራ፣ ማታም እሱው። ጠዋት ሻይ በዳቦ።

ጠያቂዋ፦ እንጀራና ዳቦ እህል፣ አንድ። ሽሮው ጥራጥሬ፣ ሁለት። ሽንኩርት ገብቶበታል?

ባለሱቁ፦ ያለ ሽንኩርት ምን ሽሮ አለ።

ጠያቂዋ፦ አትክልት፣ ሦስት። ዘይት፣ አራት። የሻይ ስኳር፣ አምስት። በርበሬና ሻይ ቅጠል በአንድ ላይ ስድስት።

ባለሱቁ፦ ከአንድ ድስት ሽሮ ስድስት! ከዐሥራ ሁለት? ታዲያ እኮ ቀምጥለናል።

ጠያቂዋ፦ እኔም መጀመሪያ የቆጠርኩ ቀን ሳቅሁ። ሽንኩርቱ ግማሽ ራስ ይሁን ሁለት ኪሎ ቅጹ አይጠይቅም። ለማነጻጸር ይረዳል፣ ብቻውን ግን ያሳስታል። መቶ ቤት ተጠይቆ ብዙው ስድስት ሲመጣ ሪፖርቱ ላይ “መካከለኛ ስብጥር” ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር አንድ ወፈር ያለ ደብተር አወጡ። ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ፣ በገጹ አናት ላይ ከስም ይልቅ ቅጽል፦ “ባለ ቀይ በር”፣ “የመንታ እናት”፣ “ሾፌሩ 4ኛ ፎቅ”፣ “ጠራጊዋ”። የከፈለው ሰው መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዟል፤ አንዳንዱ ስረዛ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ተጭኖ የተሳበ ነው። የትኛው የደንበኛ እጅ፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ባለሱቁ፦ ቁጥሩን ተዪው፤ መስፈሪያውን እዪ። ይቺ የመንታ እናት ናት። ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን፦ መኮሮኒ ሁለት ኪሎ፣ ዘይት አንድ ሊትር፣ ምስር ክክ አንድ ኪሎ። በጥሬ ብር ነው፣ ለማስታወሻ ነው የጻፍኩት። በዐሥራ ሁለተኛው፦ መኮሮኒ ግማሽ፣ ምስር ግማሽ። በዐሥራ ዘጠኝ፦ ሽሮ ሩብ፣ ስኳር ሩብ። ከሃያ ሦስት ወዲያ ምን ይላል?

ጠያቂዋ፦ “ሲኒ፣ ሲኒ፣ ሲኒ”። “ድልህ ማንኪያ።” “ሻይ ቅጠል…” ይሄ ምን ይላል?

ባለሱቁ፦ ቁንጥር። ወረቀት ላይ ነው የምጠቀልልላት። አየሽ፣ ሴትዮዋ በአንዱም ቀን ከጓዳዋ እህል ጠፍቶ አያውቅም ይሆናል። ሰባተኛ ጥያቄሽን “የለም” ብትልሽ አልዋሸችም። ግን መስፈሪያዋ ከኪሎ ወደ ሲኒ ወረደ። ለእኔ ከተማ ውስጥ ረሃብ ማለት ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ የሚያድር ሰው አለ፣ አይጠፋም፤ ብዙው ግን በመስፈሪያ ነው የሚራበው።

ጠያቂዋ፦ በሲኒ ሲገዛ ደግሞ ይወደዳል።

ባለሱቁ፦ ይወደዳል። ልዋሽሽ አልችልም። ከአንድ ሊትር ዐሥራ አምስት ሲኒ ግድም ይወጣዋል፤ ሲኒውን እየሸጥኩ ስጨርስ ሊትሩን ባንድ ጊዜ ከሸጥኩበት ይበልጥብኛል። ይፈሳል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ፌስታል ይጠይቃል፣ ብዬ ነው የምጨምረው። ሐሰት አይደለም። እውነቱ ግን ያው ነው፤ ሊትር የምትችለው መሐንዲስ የምትበላው ዘይት ሲኒ ከምትገዛው ልብስ አጣቢ ዘይት ይረክሳል። ከሰሉም እንደዚያው ነው፣ በማዳበሪያ የገዛና በመደብ የገዛ።

እኔ፦ ጤፍስ?

ባለሱቁ፦ ጤፍማ ከዚህ ቤት ወጥቷል ማለት ይቻላል። ዶሮ ማነቂያ እያለን አራት አምስት ቤት ሆነው ኩንታል ይካፈሉ ነበር። ለሚያስፈጩት ወፍጮ ቤቱ ቅርብ፣ ምጣዱ አንድ ጎረቤት ጋ፣ ተራ ተራ እየገቡ ይጋግሩ ነበር። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን ማገዶ ያነዳል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ራሱ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ቆጣሪውም ይበላል። ስለዚህ እንጀራውን በቁጥር ይገዙታል። በቁጥር የገዛሽው እንጀራ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት በምን ታውቂያለሽ? ጀሶ ሲቀላቅሉ የተያዙ ሰዎች ወሬ በየጊዜው በሬዲዮ ሰምተናል። ሁሉም ጋጋሪ እንደዚያ ነው አልልም፤ እኔ ራሴ የማምናት ሴት አለች።

ጠያቂዋ፦ በትምህርት ቤት የሸመደድነው ትርጉም ውስጥ “ደኅንነቱ የተጠበቀ” የሚለው የገባው ለዚህ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በተደረገው የዓለም የምግብ ጉባኤ የወጣ ነው፦ ሁሉም ሰው፣ ሁል ጊዜ፣ በቂ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና ገንቢ ምግብ በአካልም በገንዘብም ሊያገኝ ሲችል።

ባለሱቁ፦ “ሁል ጊዜ” ያለው ሰው ብልህ ነው። ሌላው ቃል ለሰባኪም አይከብድም። “ሁል ጊዜ” ግን የባለሱቅ ቃል ናት። ችግሩ ወሩ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ቀንና ሆድ የሚመጣበት ቀን አይገጥሙም።

ጠያቂዋ፦ አማርቲያ ሴን የሚባል ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እኛ ወሎ ጽፏል፣ ስለ 1965ቱ ረሃብ። ሰው እያለቀ በነበረበት ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጪ የወጣ እህል ነበር ይላል። የጠፋው እህሉ ሳይሆን ገበሬው እህል የሚገዛበት አቅም ነው የሚል ነው ክርክሩ። የሚቃወሙት ሰዎች አሉ፣ መንገድ ስላልነበረ ነው የሚሉ፣ እህልም በእርግጥ አንሷል የሚሉ። ለከተማ ግን ነገሩ በደንብ ይገጥማል። እህል በረንዳ ሂዱ፣ ጆንያው ጣራ ነክቷል።

ባለሱቁ፦ ይገጥማል፣ ግን ሁልጊዜ አልነበረም። እኔ በ1974 ነው አዲስ አበባ የገባሁት፣ አጎቴ ሱቅ ልላላክ። ያኔ ገንዘብ የያዘ ሰውም ይሰለፍ ነበር። ቀበሌ ሱቅ ኩፖን ይዘሽ፣ በቤተሰብ ቁጥር ስኳሩም ጤፉም ይመዘንልሻል። መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ከደብረ ዘይት ለእናቷ ዐሥር ኪሎ ጤፍ በነጠላዋ ሥር ቋጥራ የመጣች ሴት ከአውቶቡስ ሲያወርዷት አይቻለሁ። የካቲት 82 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና ኬላው ሲነሣ፣ በወሩ እህል በየመንገዱ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ያጣነው ዕቃ ነበር። አሁን የታጣው ሌላ ነው።

እኔ፦ የቱ ይሻላል?

ባለሱቁ፦ (ትከሻቸውን ነቅንቀው) ኩፖን የያዘች ድኻ ተሰልፋ ትቀበል ነበር። የሰልፉን ስድብና ግፊያ ግን አልመኘውም። አትጠይቀኝ እንደዚህ ያለ ጥያቄ።

ጠያቂዋ፦ ዋጋው ግን መቼ ነው እንዲህ ያመለጠው ይላሉ? እኛ ሰንጠረዥ ላይ የምናየው በ2014 ነው። የዩክሬን ጦርነት፣ ስንዴ፣ ዘይት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ጀመረ።

ባለሱቁ፦ መጋቢት 2014። ባለ አምስት ሊትር ዘይት አንድ ሺህ ብር አለፈ። ያን ቀን አንዲት እናት ጠርሙሱን ይዛ ቆማ “ቀልድህን ነው?” ስትለኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 2016፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ። ሃምሳ ሰባት ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ዶላር አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ግን ማስቲካው ራሱ ጨመረ። እናንተ ሰንጠረዥ ላይ የማታዩት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዋጋ ሲቆም ዱቤ ደግ ነው። ስኳር በመቶ ብር አበድሬሽ በወሩ መጨረሻ መቶ ብትሰጪኝ፣ በመቶው ያንኑ ስኳር እገዛለሁ። ዋጋ ሲሮጥ ግን በመቶ ያበደርኩሽን በመቶ ሃያ ነው የምተካው። ደንበኛዬ ሐቀኛ ሆና ከፍላኝ እኔ እከስራለሁ። ያን ዓመት ደብተሩን ግማሽ አጠፍኩት። ስልሳ ገጽ ነበር፣ ሃያ ስምንት አደረግኩት።

ጠያቂዋ፦ ሰዎቹስ ምን አደረጉ?

ባለሱቁ፦ አንዳንዱ ሌላ ሱቅ ሞከረ። አንዳንዱ ቀነሰ። አንድ ሽማግሌ ሰላምታ አቆሙብኝ። እስከ ዛሬ።

ለጥቂት ጊዜ ዝናቡን ብቻ ሰማን። ይህን የዱቤ ነገር እኔ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ በዚህ መልኩ አንብቤው አላውቅም፤ የዋጋ ግሽበት ኪስን እንደሚያራቁት ይነገራል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ማመኑን እንደሚያስቀር ግን ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ነው የሚያውቀው።

ጠያቂዋ፦ እናቴ ሃያ ስምንቱ ውስጥ ነበረች?

ባለሱቁ፦ እናትሽ ቋሚ ናት። ጡረታዋ በየወሩ ይመጣ ነበር። እሱን ነው የምመዝነው፣ ብዛቱን አይደለም። እዪ፣ “ጠራጊዋ” የምትለዋን። በሴፍቲኔት መንገድ ስትጠርግ የነበረች ናት።

ጠያቂዋ፦ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት። በ2009 ግድም በአዲስ አበባና በሌሎች ዐሥር ከተሞች የተጀመረው። በመጀመሪያ በቀን 60 ብር ነበር፣ ከዚያ ላይ 20 በመቶው ይቆጠባል።

ባለሱቁ፦ ስልሳ ብር ያኔም ብዙ አልነበረም፣ ሥራውም ወሩን ሙሉ አይደለም። ግን ቀኗ ትታወቃለች። እሷን ያለ ሐሳብ አበድራታለሁ። ሾፌሩን ግን አላምንም፤ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ ሰው አያየውም። ግንበኛውም እንደዚያው፤ በበጋ ጌታ ነው፣ ክረምት ሲገባ ሲሚንቶው በዝናብ ይቆማል፣ እሱም ይቆማል። ትልቋን ገቢ ሳይሆን የማትቀረዋን ገቢ ነው ምግብ የሚከተለው።

ጠያቂዋ፦ የቤት ኪራይስ?

ባለሱቁ፦ እዚያ ላይ ነው ቢሮክራቱ የሚወድቀው። ብሎክ 22 ላይ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ካራቫት የሚያስር። ደመወዙ ሲገባ መጀመሪያ አከራዩ ጋ ይሄዳል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ የልጆች ታክሲ። ሱቅ የሚደርሰው የተረፈው ነው። የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ አዋጅ በ2016 ወጥቷል አሉ፤ እሱም ቢሆን የተጨመረበትን አልመለሰለትም። ኪራይ አይቆረጥም፣ ሽሮ ግን ይቆረጣል። ልብስ አጣቢዋ ችግሯን ትነግረኛለች፣ እሱ ግን “ረስቼው ነው” ይለኛል። የካራቫቱ ዱቤ ከሁሉም ይከብደኛል።

እኔ፦ ከዶሮ ማነቂያ የመጡትስ?

ባለሱቁ፦ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ሽንት ቤት አላቸው፣ የራሳቸው፤ ያንን አልንቅም፣ እዚያ እኮ ለሃያ ቤት አንድ ነበር። ዝናብ አይገባባቸውም። ግን የመንታ እናት ፒያሳ ለሦስት ቤት ልብስ ታጥብ ነበር፣ በእግሯ ሄዳ። አሁን በሁለት ታክሲ ነው የምትደርሰው። ከሦስቱ ሁለቱን ተወቻቸው። ጉሊት የነበረችው ቆስጣና ሽንኩርት በመደብ ታቀርብ ነበር፤ ደንበኛዋ ካፌ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፣ ወደ ቤት ሲገቡ የሚገዙ። እዚህ ማን ያልፍባታል? እድሩም ተበተነ። እድር የቀብር ብቻ መስሎሽ እንደሆነ፣ እናትሽን ጠይቂያት፣ አባትሽ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ማን ነበር ምሳ የሚያመላልሰው።

ጠያቂዋ፦ አውቃለሁ። ሦስት ቤት በተራ።

ባለሱቁ፦ ያ ምግብ በየትኛው ቅጽ ተሞላ?

ጠያቂዋ፦ በየትኛውም። ደግሞ አንድ ጣጣ አለ፤ መታወቂያቸው እዚህ ወረዳ ሳይዛወር የቆየባቸው ሰዎች ሸማቾች ማኅበር ሲሄዱ ዘይቱም ስኳሩም የለም ይባላሉ። ዛሬ ጠዋት አንዷ ነገረችኝ። እሱን የሚጠይቅ ሳጥን አልነበረኝም።

ባለሱቁ፦ ዳሩ ላይ ጻፊዋ።

ጠያቂዋ፦ ታብሌት ዳር የለውም፣ ጋሼ። የሚመረጠውን ካልመረጥኩ ወደ ቀጣዩ አያልፍም።

(ባለሱቁ የራሳቸውን ደብተር ገልብጠው ዳርቻውን አሳዩዋት። ጠርዙ ሁሉ በጥቃቅን ጽሑፍ ተሞልቷል፦ “ባሏ ታሟል”፣ “እስከ መስቀል ታግሠው”፣ “ልጇ ከቤይሩት ልካለች”።)

ባለሱቁ፦ ይቺ ቤይሩት የምትለዋ ስድስት ወር የቆየ ዕዳ በአንድ ጠዋት ነው የሰረዘችው። ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ለእናቷ። እኔ ደስ አላለኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ብሩን ተቀበልኩ፣ ከዚያ ልጅቷ ስትሄድ ደብተርና እስክሪብቶ ከእኔ ትገዛ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ጠያቂዋ፦ (ቆየት ብላ) አንድ ልጠይቅዎ። ከሁሉ የሚከፋው ወር የቱ ነው? እኛ ጥናቱን ነሐሴ ላይ ያደረግነው “የክረምት ችግር” ነው በሚል ነው።

ባለሱቁ፦ የገጠሩ ነው ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎተራው ስለሚራቆት። ከተማ ውስጥ ግንበኛውን ካልሆነ ክረምት ራሱ አይገድልም። ሁለት ነገር ይደራረባል። አንደኛው ትምህርት ቤት መዘጋቱ ነው። ከ2012 ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ይመግባሉ።

ጠያቂዋ፦ ቁርስና ምሳ።

ባለሱቁ፦ ቁርስና ምሳ። ለመንታዎቹ በቀን አራት ሰሃን ማለት ነው። ሰኔ ላይ ሲዘጋ እነዚያ አራት ሰሃኖች ወደ እናትየው ይመለሳሉ። እኔ በዳቦ ነው የማውቀው፤ ሐምሌ ከገባ ጠዋት ጠዋት ዳቦው ቶሎ ያልቅብኛል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም፣ ደብተሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለተኛው መስከረም ነው። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ምዝገባ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ በአንድ ወር። ዶሮ ይቅር፣ ልጅ ግን በአሮጌ ጫማ ትምህርት ቤት አይላክም። ስለዚህ መስከረም ላይ ብትመጪ ኖሮ የመስፈሪያውን መጨረሻ ታዪው ነበር። እኔ ብሆን በየሩብ ዓመቱ እጠይቅ ነበር፣ ያውም ወር በገባ በአምስተኛው ቀንና በሃያ አምስተኛው ለየብቻ። ስትመጪ ቀኑ ስንት ነበር?

ጠያቂዋ፦ ሰባት።

ባለሱቁ፦ በሰባት የመንግሥት ሠራተኛ ገና ጉልበት አለው። “ተመስገን” ቢልሽ እውነቱን ነው።

ጠያቂዋ፦ (ታብሌቷን ከፌስታሉ እያወጣች) ይሄንን ለአለቃዬ ብነግረው በጀት የለም ይለኛል። አንድ ዙር ነው የተፈቀደልን።

ባለሱቁ፦ ያው እንደ እኛ ደንበኛ ነው፤ እሱም በሲኒ ነው የሚገዛው።

ሦስታችንም ሳቅን። ዝናቡ ቀለል ብሏል። ከማዶ ብሎክ በኩል ጉሊቷ ሴትዮ ላስቲኳን ከቆስጣው ላይ ገልጣ ውሃውን ታራግፋለች። ቆስጣው ከየት እንደመጣ ልጠይቃት ብዬ ነበር፤ አቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውሃ የሚለማ አትክልት ከባድ ብረት እንደሚገኝበት በተደጋጋሚ ተጠንቷል። አልጠየቅኋትም። አንድ እስር ገዛሁ።

ባለሱቁ፦ በሩን የዘጋችብሽ የትኛዋ ናት?

ጠያቂዋ፦ እዚህ ሁለተኛ ፎቅ፣ በግራ።

ባለሱቁ፦ አውቃታለሁ። ተመለሺና “ውሃ አጠጪኝ” በያት። ውሃ የሚከለክል ሰው የለም። ስትገቢ ተቀመጪ፣ ስለ ልጆቿ ጠይቂያት፣ ስለ ዝናቡ። “ተርባችኋል ወይ” አትበያት። “ዘይት በምን ትገዢያለሽ?” በያት፣ በሊትር ነው በሲኒ። እሷው ትቀጥልልሻለች።

ጠያቂዋ፦ ቅጹ ላይ የለም እንጂ…

ባለሱቁ፦ ለራስሽ እወቂዋ።

(አንድ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ በትልቅ ሰው ነጠላ ጫማ ውሃውን እየረገጠ መጣ። በእጁ ክዳን የሌላት የሽሮፕ ጠርሙስ ይዟል።)

ልጁ፦ ጋሼ፣ ማዬ ግማሽ ሲኒ ዘይት ስጠው ብላለች። ጻፈው ብላለች።

ባለሱቁ፦ ግማሽ ሲኒ?

ልጁ፦ ግማሽ።

(ጀሪካኑን አዘንብለው ቀዱለት፣ ጠርሙሱን በወረቀት ደፍነው ሰጡት፤ ልጁ በሁለት እጁ አቅፎት ሄደ። ደብተሩን ከፍተው ገጹን አገኙ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ።)

ባለሱቁ፦ ግማሽ ሲኒ ጽፌ አላውቅም። እንዴት ነው የሚጻፈው?

ጠያቂዋ፦ አንድ፣ ሰረዝ፣ ከሥሩ ሁለት፣ ጋሼ።